አጃ በሊታው አሜባ፦ ዝልግልግ ሻጋታን ቤት ውስጥ የማሳደግ ዳሰሳ

አሜባ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሆድ ቁርጠት ነው፤ ፕላስሞዲየም ሲባል ደግሞ ወባ። የዚህ ዳሰሳ ባለ ጉዳይ ሁለቱንም ስሞች ይዞ የሚዞር፣ ግን በሽታ የማያመጣ ፍጡር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ስላይም ሞልድ» ይሉታል፤ ዝልግልግ ሻጋታ እንደ ማለት። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ሻጋታ አይደለም። የጥንት ተመራማሪዎች ስፖር የሚባለውን የመራቢያ ብናኝ ሲበትን አይተው ከፈንገስ መደቡት፤ ዛሬ ቦታው ከአሜባዎች ወገን ነው። ስለዚህ ከሆድ አሜባው ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ ከወባው ተውሳክ ጋር ግን ሞክሼ ብቻ። ፕላስሞዲየም የሚባለው ምግብ ፍለጋ የሚዘረጋው አካሉ ነው።

በመቶዎች ከሚቆጠሩት ዝርያዎች ውስጥ በቤትም በላቦራቶሪም የተለመደው ፊሳረም ፖሊሴፋለም ነው፤ «ባለ ብዙ ራስ» ማለት ነው። ደማቅ ቢጫ ነው። ሳህን ሙሉ ቢዘረጋም አንድ ሕዋስ ነው፤ በውስጡ ግን እጅግ ብዙ ኒውክለሶች አሉ። ደም ሥር በሚመስሉ ቱቦዎቹ ፈሳሹ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ቆም ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ እንደሚተነፍስ ነገር ነው። በሰዓት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል፣ ሲርበው ደግሞ እስከ አራት ይደርሳል። ለሁለት ቢቆረጥ ሁለቱም ይኖራሉ፤ መልሰው ቢገናኙ ይዋሐዳሉ።

ስለዚህ ፍጡር የምናውቀው ብዙ ነገር የተገኘው በወጥ ቤት ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጃፓናዊው ሚናካታ ኩማጉሱ በ1929 ለንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ 110 የዝልግልግ ሻጋታ ናሙናዎች ሲያበረክት ያቀረባቸው በካራሜላ ካርቶን ነበር። በ1931 አሜሪካዊው ፍራንክ ሃዋርድ የፊሳረምን የሕይወት ዑደትና የማሳደጊያውን ዘዴ አሳተመ፤ ቀለቡ አጃ ነበር። በ1936 ደብልዩ. ጂ. ካምፕ ነገሩን ይበልጥ አቀለለው። ውኃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ጎድጓዳ ሳህን ይደፋል፣ በላዩ ወረቀት ይለብሳል፣ የወረቀቱ ጫፍ ውኃውን እየሳበ ይረጥባል፤ ከዚያ የተፈጨ አጃ መነስነስ ብቻ ነው። ከአጃና ከባክቴሪያ ነጻ በሆነ ፈሳሽ ምግብ ለማሳደግ እስከ 1960ዎቹ መግቢያ መጠበቅ ግድ ሆኗል።

የዛሬ አሳዳጊ የሚጠቀመው የእነዚያኑ ዘዴ ነው። ከባሕር አረም የሚሠራውን አጋር በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ከ1.5 እስከ 2 ግራም አፍልቶ፣ ክዳን ባለው ዝርግ ሳህን ያረጋዋል። ስኳርም ሆነ ሌላ ምግብ አይጨምርበትም፤ ጣፋጭ ነገር ቀድሞ የሚጠቅመው ለእውነተኛው ሻጋታ ነው። አጋር ከሌለ የረጠበ የቡና ማጣሪያ ወረቀት ይበቃል። ውኃው ክሎሪን ባይኖርበት ይመረጣል። ሳህኑ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ጨለማ ቦታ፣ አየር እንዲገባ ክዳኑ ሳይጠብቅ ይቀመጣል። ቀለቡ ኦትስ እየተባለ በካርቶን የሚሸጠው የተጨፈለቀ አጃ ነው፤ ለትንሽ አካል በቀን አንድ ሁለት ቅንጣት በቂ ነው።

እዚህ ላይ ከእርሾ አያያዝ ጋር ይመሳሰላል። እርሾ ከሊጥ ወደ ሊጥ እየተሻገረ እንደሚኖር ሁሉ ፊሳረምም በየጥቂት ቀኑ ከአሮጌ ሳህን ወደ አዲስ ይሻገራል። የአሳዳጊው ዋና ሥራ መመገብ ሳይሆን ንጽሕና መጠበቅ ነው፤ የተበላሹ ሳህኖች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የትርፍ አጃ ታሪክ ነው። ቅንጣቷ ላይ ጸጉራም ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ከበቀለ፣ ወይም ሳህኑ ከሸተተ፣ ቦታ መቀየሪያው ደርሷል። መልካሙ ነገር ፊሳረም ከምግብ ፍርፋሪው ርቆ መጓዝ ማወቁ ነው። ፊት ለፊት የሚገሰግሰውን ንጹሕ ጠርዝ በፈላ ውኃ በተነከረ ቢላ ቆርጦ አዲስ አጋር ላይ ማኖር ብቻ ነው። አሮጌው ሳህን ፈልቶ ይጣላል እንጂ ጓሮ አይደፋም።

ረኃብና ብርሃን ሲገናኙበት ግን ሌላ መንገድ ይይዛል። አካሉ ወደ ጥቋቁር የስፖር ከረጢቶች ይለወጣል፣ ከዚያም ወደ ቢጫነቱ አይመለስም። ከስፖር የሚፈለፈሉት ጥቃቅን አሜባዎች ተጣምረው አዲስ ፕላስሞዲየም ይጀምራሉ፤ ይህን ዑደት ቤት ውስጥ ማዞር ግን አስቸጋሪ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ከስፖሩ ብናኝ ቢርቅ ይሻለዋል።

ሰውን ይበልጥ የሳቡት ሙከራዎችም ከአጃና ከአጋር አልወጡም። በ2000 ቶሺዩኪ ናካጋኪና ባልደረቦቹ ፊሳረምን በአጋር ላይ በተሠራ መተላለፊያው የተወሳሰበ መንገድ ዘርግተው፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ ምግብ አኖሩ። ከሌላው ቦታ ተሰብስቦ በአጭሩ መንገድ አንድ ወፍራም ቱቦ አስቀረ። በ2010 በታተመው ሥራ ደግሞ አጃው በቶኪዮ ዙሪያ ባሉ ከተሞች አቀማመጥ ሲደረደር፣ የዘረጋው መረብ የአካባቢውን የባቡር መስመር የሚመስል ሆነ። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ፈሳሽ በብዛት የሚያልፍበት ቱቦ ይወፍራል፣ ያነሰው ይከስማል። በ2016 ቱሉዝ ውስጥ የኦድሬ ዱሱቱር ቡድን ምግቡን ኩዊኒን ወይም ካፌይን ካለበት ድልድይ ማዶ አኖረለት። መጀመሪያ ቢያመነታም ከስድስት ቀን በኋላ ሳይፈራ ተሻገረ፤ ለሁለት ቀን ድልድዩ ሲርቀው ግን ጥንቃቄው ተመለሰ። አንጎል ለሌለው ነጠላ ሕዋስ ይህን «መማር» ማለት ይገባል ወይ የሚለው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም።

የቤት አሳዳጊ ቁጥር የጨመረው እነዚህን ሙከራዎች ተከትሎ ነው። የፓሪስ የእንስሳት ፓርክ በ2019 ለሕዝብ አሳየው፤ በ2021 ጠፈርተኛው ቶማ ፔስኬ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲያሳድገው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ያንኑ ሙከራ በምድር አካሄዱ። አሜሪካና አውሮፓ ለሚኖር አንባቢ ደርቆ የተኛ የፊሳረም አካል ከሳይንስ መሣሪያ ሻጮች ማግኘት ይቻላል። ሌላ ቦታ ላለው ሰው ደግሞ ጊልበርትና ማርቲን በ1933 ያሳወቁት ዘዴ አለ። ከቆመ ዛፍ ትንሽ ቅርፊት ወስዶ ለአንድ ቀን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ውኃውን አፍስሶ በእርጥብ ወረቀት ላይ ከድኖ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ለሳምንታት በማጉያ መነጽር መመልከት። የሚወጡት ብዙዎቹ ከሚሊ ሜትር የማይበልጡ የስፖር ከረጢቶች ናቸው፤ ትልቁን ቢጫ እንግዳ መጠበቅ አይገባም።

ለጉዞ ወይም ለዕረፍት የሚሄድ አሳዳጊ ፊሳረምን ለጎረቤት አደራ መስጠት አያስፈልገውም። አጃውን አንስቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ በጨለማ ቀስ እያለ እንዲደርቅ መተው ይበቃል። ደርቆ እንደ ብርቱካናማ ቅርፊት የሚሆነው አካል ስክለሮሺየም ይባላል፤ ሞቶ ሳይሆን ተኝቶ ነው። በወረቀት ፖስታ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ሲፈለግ ቁራሽ ቀዶ እርጥብ አጋር ላይ ጥቂት ጠብታ ውኃ ማንጠባጠብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ ቢጫ ጠርዝ ያወጣል። ትርፉን ቁራሽ እንደ እርሾ ለጠየቀ ሰው መስጠት ይቻላል፤ ፖስታው ላይ የደረቀበትን ቀን ጽፎ።