አስቸኳይ ያልሆኑ የፖሊስ ጥሪዎች አያያዝ፤ የባልቲሞር ከተማ ተሞክሮ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የምትገኘው የባልቲሞር ከተማ በኦክቶበር 1996 እ.ኤ.አ. ለፖሊስ የሚቀርቡ አስቸኳይ ያልሆኑ ጉዳዮችን ብቻ የሚያስተናግድ 311 የተሰኘ የስልክ ቁጥር ሥራ ላይ አውላለች። በአገሪቱ የመጀመሪያው የሆነው ይህ አገልግሎት በፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት የገንዘብ ድጋፍ የተቋቋመ ሲሆን፣ ዓላማውም በ911 የአደጋ ጊዜ መስመር ላይ ያለውን መጨናነቅ ማቃለልና የፓትሮል ፖሊሶች በተመደቡበት አካባቢ ወንጀልን ለመከላከል የሚያውሉትን ጊዜ ማስገኘት ነበር።

ችግሩ የባልቲሞር ብቻ አልነበረም። 911 በ1968 እ.ኤ.አ. በአላባማ ግዛት ሃሌይቪል በተባለች ትንሽ ከተማ ተጀምሮ በመላ አገሪቱ ሲስፋፋ፣ ሕዝቡ ለማናቸውም ጉዳይ የሚደውልበት ቁጥር ወደ መሆን ተሸጋገረ። ትናንት ማታ ብስክሌት የተሰረቀበት፣ የጎረቤት ሙዚቃ እንቅልፍ የነሳው፣ ለኢንሹራንስ የፖሊስ ማስረጃ የሚፈልግ ሁሉ፣ ዘራፊ በሩን እየሰበረበት ካለ ሰው ጋር በአንድ መስመር ይሰለፍ ጀመር።

አዲሱ ቁጥር መስመሩን በማቃለል ረገድ ውጤት አስገኝቷል። በኋላ የተካሄደው ግምገማ እንዳመለከተው በ911 የሚደረገው ጥሪ 34 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ይሁን እንጂ የፓትሮል ፖሊሶቹ ትርፍ ጊዜ የዚያኑ ያህል ከፍ አላለም። ለዚህም ምክንያቱ ቁጥሩ ቢለወጥም የስምሪት መመሪያው አለመለወጡ ነው። በ311 የደወለው ነዋሪም በአብዛኛው እንደ ቀድሞው ፖሊስ ይላክለት ስለነበር፣ ሥራው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ ከፖሊሱ ጫንቃ አልወረደም።

ጊዜ የሚገኘው ጥሪው ከተመዘገበ በኋላ በሚሰጠው ውሳኔ ነው። ይህም ከባልቲሞር በፊት ሲሠራበት የቆየ አሠራር ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ጋርደን ግሮቭ፣ በሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ እና በኦሃዮ ቶሊዶ በተካሄደ ሙከራ ጥሪዎች እንደ ክብደታቸው ተለይተው ተስተናግደዋል። ተጠርጣሪው ከሄደ ቆይቶ የታወቀ ቀላል ስርቆት ሲሆን ቃሉ በስልክ ይወሰድ ነበር፤ ሌሎች ጥሪዎች ደግሞ ፖሊስ ዘግየት ብሎ እንዲደርስባቸው ይደረግ ነበር። ከዚህ ሙከራ የተገኘው ትልቁ ትምህርት ነዋሪዎች መዘግየቱን መቀበላቸው ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን ፖሊስ ወዲያውኑ እንደማይደርስ በደወሉበት ሰዓት በግልጽ ሲነገራቸው ነው። ‹‹አሁኑኑ ይመጣሉ›› ተብሎ ሁለት ሰዓት የጠበቀ ባለጉዳይ፣ ‹‹ከሁለት ሰዓት በኋላ ይመጣሉ›› ከተባለው ይልቅ ቅር መሰኘቱ የሚያስገርም አይደለም።

በመሆኑም ከባዱ ኃላፊነት የሚወድቀው በስልክ ተቀባዩ ላይ ነው። ስለ ጩኸት አቤት የምትል ሴት ከግድግዳው ማዶ ሰው እየተደበደበ መሆኑን ሳታውቅ ልትደውል ትችላለች። ‹‹ቀላል ጉዳይ ነው›› እያለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገርም፣ የምትፈራው ሰው አጠገቧ ቆሞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጥሪ በዝቅተኛ ደረጃ ቢመዘገብ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ስልክ ተቀባዩ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አስቀድመው በጽሑፍ ሊዘጋጁለት፣ ሲጠራጠርም ጥሪውን ወደ ከፍተኛው ደረጃ የማሳደግ ሥልጣን ሊሰጠው ይገባል። በዝቅተኛ ደረጃ የተመዘገቡ ጥሪዎችንም የፈረቃው ኃላፊ በየጊዜው መልሶ ማየት ይኖርበታል።

የተገኘው ጊዜ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ መወሰንም ሌላው የአመራሩ ድርሻ ነው። ፖሊሱ ከጥሪ ነፃ የሚሆንባቸው ሰዓታት በየትኛው ሠፈር፣ ለየትኛው ተደጋጋሚ ችግር እንደሚውሉ በስምሪት ዕቅዱ ላይ ካልሰፈረ፣ በስልክ ክፍሉ የተቆጠበው ሰዓት በሌላ ጥቃቅን ሥራ ይሞላል።