በስልክ የምትመክር አስታማሚ ለማን ትጠየቃለች?

ከቆቦ ከተማ በስተምሥራቅ፥ ወደ ዞብል ተራራ በሚወስደው ቆላ የምትኖር አንዲት እናት ሕፃኗን በሌሊት ትኵሳት ቢይዘው፥ እንደ ጥንቱ እያለቀሰች እስኪነጋ ድረስ ብቻ አትጠብቅም። በእጇ ስልክ አለ፤ በአዲስ አበባ ወይም በደሴ ወይም በመቀሌ ወደምትገኝ አስታማሚ ትደውላለች፤ አስታማሚዪቱም የሕፃኑን ፊት በምስል አይታ፥ የእናቲቱን ቃል ሰምታ፥ ይህን ስጪው፥ ያንን ተዪው ብላ ትመክራታለች። ይህ በውነቱ አባቶቻችን ያላዩት ጸጋ ነው። ነገር ግን ክቡራን አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲመለከቱልን እንለምናለን፤ ይኸውም ምክሩ የተሳሳተ ቢሆን ያች አስታማሚ የምትጠየቀው እርሷ በተቀመጠችበት አገር ነውን፥ ወይስ ሕፃኑ በተኛበት?

ጥያቄው ለራያ ሰው የጨዋታ ነገር አይደለም። ከቆቦ ወደ ሰሜን ጥቂት ቢጓዙ አላማጣ ይገኛል፤ ወደ ምሥራቅ ቢወርዱ የአፋር አገር ነው። ሕዝቡ በጋብቻና በገበያ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ አማርኛውን ከትግርኛው እያዋሐደ እዚያም እዚህም ይታከማል። ወሰኑ ወዴት ይሁን የሚለው ክርክር የዚህ ገጽ ሥራ ስላልሆነ እናልፈዋለን። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ51ኛው አንቀጽ የጤናን አገር አቀፍ መመዘኛ ማውጣትን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል፤ ፈቃድ መስጠትና ባለሙያን መቈጣጠር ግን በጤና ሚኒስቴርና በየክልሉ የጤና መሥሪያ ቤት መካከል የተከፈለ ሥራ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የሙያ ፈተና ይፈተናሉ። ስለዚህ ፈተናው አንድ ሲሆን መዝገቡ ብዙ ነው፤ የስልክ ድምፅ ደግሞ ኬላ አያውቅም።

ስለ ትኵሳቱ ነገር ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። የራያ ቆላ ወባ የለመደው አገር ነው፤ ክረምቱ አልፎ ውሃው በየጕድጓዱ ሲቀር፥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይበረታል። በደጋ ተምራ በደጋ ያገለገለች አስታማሚ ነገሩን ጕንፋን ነው ብላ ማስታገሻ ብቻ ብታዝ፥ አንዳች ክፋት ሳይኖርባት ሕፃኑን ልትጐዳው ትችላለች፤ ወባ የሚታወቀው ከጣት በሚወሰድ ደም እንጂ በስልክ ጥያቄ አይደለምና። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነትማ ሳይታከም ቢቀር ሕፃንን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። እንግዲህ ፈቃድ ማለት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ መሆን የለበትም፤ የምትመክረው ሴት የሕመምተኛውን አገር በሽታና በአቅራቢያው ያለውን ጤና ኬላ ማወቅ ይገባታል።

አስታማሚዎችን በመንግሥት መዝገብ መጻፍ በኒውዚላንድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1901፥ በእንግሊዝም በ1919 በሕግ ተወሰነ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በዚሁ መዝገብ የተጻፉ አስታማሚ ሆኑ። እኚሁ ልዕልት በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት በወሊድ ምክንያት ዐረፉ፤ ሙያውን የሚያውቅ፥ ለዚያውም የንጉሥ ልጅ ለሆነ ሰው እንኳ፥ ከትልቅ ሆስፒታል ርቆ መታመም ምን ያህል አስጊ እንደ ነበር ከዚህ ይታያል።

በአሜሪካ አገር ደግሞ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ፈቃድ ሲሰጥ ኖሮ፥ እንደ እነርሱ አቈጣጠር ከ2000 ጀምሮ ብዙዎቹ በውል ተስማሙ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። በውሉ መሠረት በአንዱ ግዛት የተሰጠ ፈቃድ በሌላውም ያሠራል፤ ነገር ግን አስታማሚዪቱ የምትገዛው ሕመምተኛው ባለበት ግዛት ሕግ ነው።

ይህ ለእኛም የሚስማማ ይመስለናል፤ የዞብል እናት አቤቱታዋን ይዛ አዲስ አበባ ድረስ ልትመላለስ አትችልምና፥ ነገሯ በአገሯ ይሰማላት ዘንድ ይገባል። ደንብ ሲጠብቅ በጎ አድራጊዋ አስታማሚ ፈርታ ስልኳን ትዘጋለች የሚሉ አሉ። ቃላቸው እውነት አለበት፤ በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት የስልክ መስመር በተቋረጠ ጊዜ፥ ከሩቅ የሚመክር አንድ ድምፅ ምን ያህል እንደሚናፈቅ የራያ ሰው አይቶታል። ስለዚህ የምንለምነው ድምፁ እንዲዘጋ ሳይሆን፥ የክልሎቹ መዝገብ ተገናኝቶ ማንም አባወራ ስሟንና የፈቃድ ቍጥሯን ጠይቆ እንዲያረጋግጥ ነው።

የቤት እመቤትም ስትደውል የአስታማሚዪቱን ስም፥ የፈቃዷን ቍጥርና ፈቃዱን የሰጣትን መሥሪያ ቤት ጠይቃ ትጻፍ፤ የምትኖረው ወባ ባለበት ቆላ መሆኑንም አስቀድማ ትንገራት። ሕፃኑ ጡት መጥባት ካልቻለ፥ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፥ ካንቀጠቀጠው ወይም ደንዝዞ አልነቃ ካለ ግን ስልኩን ትታ በሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ትውሰደው።