የስሜን ዓለቶች መግነጢሳዊ ማኅደር

በሳንቃ በር ያደረ ሰው የስሜንን የሌሊት ብርድ ያውቀዋል። የፊዚክስ ሊቃውንት የሚሹት ቅዝቃዜ ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 እ.ኤ.አ. ሜርኩሪን በፈሳሽ ሂሊየም ወደ 4.2 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ሲያቀዘቅዘው፣ ለኤሌክትሪክ ጅረት የነበረው ተቃውሞ በድንገት ጠፋ። እንዲህ ያለው ቁስ ልዕለ አስተላላፊ (ሱፐርኮንዳክተር) ይባላል። ለመሆኑ ይህ ቅዝቃዜ ከደባርቅ ቁልቁል የተደረደሩትን የሊማሊሞ ዓለቶች ለማንበብ እንዴት ያገለግላል?

የማይከፈለው መስፈሪያ

ልዕለ አስተላላፊ መግነጢሳዊ መስክን ከውስጡ ያስወጣል። አንዳንዱ ዓይነት ግን መስኩ ሲበረታ በቀጫጭን ክሮች አምሳል ያስገባዋል፤ በእያንዳንዱ ክር ዙሪያም ጅረት እንደ ውኃ አዙሪት ይሽከረከራል። ይህን አብሪኮሶቭ በ1957 በስሌት አመለከተ። በ1967 ደግሞ ኤስማንና ትሮይብለ ጀርመን ውስጥ ደቃቅ መግነጢሳዊ ቅንጣቶችን በቀዘቀዘው ገጽ ላይ በተኑ፤ ቅንጣቶቹ በአዙሪቶቹ አናት ተሰብስበው የሠሩትን የሦስት ማዕዘን አደራደርም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ አነሡ።

የእያንዳንዱ አዙሪት መግነጢሳዊ ፍሰት እኩል ነው፤ መጠኑም 2.07 × 10⁻¹⁵ ዌበር ነው። የምድር መግነጢሳዊ መስክ በአገራችን በአንዲት ቀይ የደም ሕዋስ ስፋት ውስጥ የሚያሳልፈውን ያህል መሆኑ ነው። በ1964 የተሠራው ስኩዊድ የተባለ የልዕለ አስተላላፊ ቀለበት በዚህ መስፈሪያ ይቆጥራል፤ ከመስፈሪያው እጅግ ያነሰውን ቁራሽ እንኳ ይለያል።

ዓለቱ የያዘው ቃል

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ላቫ ሲቀዘቅዝ፣ በውስጡ ያሉት የማግኔታይት ቅንጣቶች ከ580 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የዘመኑን የምድር መስክ አቅጣጫ ይዘው ቀሩ። የምድር መስክ በየዘመኑ ስለሚገለበጥ፣ የሊማሊሞ ንብርብሮች የጊዜ መዝገብ ሆነዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ የተሳተፉባቸው የ1997 እና የ1998 ጥናቶች፣ ይህን መዝገብ ከአርጎን የዕድሜ ልኬት ጋር አስተያይተው፣ አብዛኛው ላቫ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወይም ባነሰ ጊዜ እንደፈሰሰ አሳዩ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ያ ሁሉ ላቫ በአጭር ጊዜ ከፈሰሰ፣ አብሮት የወጣው ጋዝ የዓለምን አየር ንብረት ሊያናጋ ይችል ነበር፤ በዝግታ ከሆነ ግን ጉዳቱ በዘመናት ብዛት ይሳሳል።

ባዛልት መግነጢሱ ብርቱ በመሆኑ በተለመደ መሣሪያም ይለካል። ችግሩ መብረቅን የመሰሉ ኋለኛ ክስተቶች በቀደመው ጽሑፍ ላይ ደርበው መጻፋቸው ነው። ተመራማሪዎች ናሙናውን ደረጃ በደረጃ በማሞቅ ኋለኛውን ሲፍቁት፣ የሚተርፈው የጥንቱ ምልክት ይደክማል፤ የስኩዊድ ጥቅም ያን ጊዜ ይጎላል። ስኩዊድ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከስሱ የድንጋይ ቁራጭ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት እየተመላለሰ፣ መስኩ ከየትኛው የዓለቱ ክፍል እንደሚወጣ ካርታ ያነሣል።

ይሁን እንጂ አቅጣጫው ሳይመዘገብ የተነቀለ ድንጋይን የትኛውም ቅዝቃዜ ሊያናግረው አይችልም። ባዛልቱ ኮምፓስን ስለሚያስት፣ አጥኚው የዘንግ ጥላና ሰዓት ይዞ በፀሐይ አቅጣጫውን ይለካል፤ በናሙናው ላይም ምልክት ያደርጋል። ፈሳሽ ሂሊየም ውድ ነው፤ ይህ የመጀመሪያው ሥራ ግን ፀሐይና ጥንቃቄ እንጂ ሂሊየም አይጠይቅም። ስለዚህ የሊማሊሞን መንገድ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ ሊጀምረው ይችላል።