ለጉርድ ፎቶግራፍ የሚሆን ሌንስ አመራረጥ

ጉለሌ ውስጥ፣ በሽሮ ሜዳ፣ የአንድን አረጋዊ ሸማኔ ጉርድ ፎቶግራፍ ልታነሡ አሰባችሁ እንበል። በአጭር ሌንስ ፊታቸው እንዲጎላ ብላችሁ እጅግ ብትጠጉ አፍንጫቸው ገዝፎ፣ ጆሮዎቻቸው ወደ ኋላ ሸሽተው ይታያሉ። ይህ እውነተኛ መልካቸው አይደለም፤ መልኩን ያዛባው ቅርበታችሁ ነው። ራቅ ብሎ ቆሞ ፊትን አጉልቶ ለማንሣት የሚያስችለው ቴሌፎቶ የተባለው ረጅም ሌንስ ነው።

አዲስ ቴሌፎቶ ሌንስ ዋጋው ውድ ነው። ሆኖም ጉርድ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ረግቶ ስለሚቀመጥ፣ ጥራቱ ቀለበት በማዞር በእጅ የሚስተካከል ያገለገለ ሌንስ ይበቃል። ለዚህ ተግባር የሚታወቁት የ85 እና የ135 ሚሊ ሜትር ሌንሶች ናቸው። የ135ቱ በብዛት ስለ ተሠራ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ይሁን እንጂ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራ ራስንና ትከሻን ለማንሣት ከ2 ሜትር ተኩል በላይ መራቅን ይጠይቃል፤ ለ85ቱ ግን ከ1 ሜትር ተኩል ጥቂት ማለፍ ይበቃል። ሥዕል መቀበያው ከፊልም ባነሰ ዲጂታል ካሜራ ርቀቱ ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ በጠባብ ክፍል ውስጥ የምታነሡ ከሆነ 85ቱን፣ በሰፊ ግቢ ከሆነ 135ቱን ምረጡ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ በመስተዋቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አለመኖሩን፣ ቀለበቱ ሳይንገጫገጭ መዞሩን፣ ከካሜራችሁም ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ስታነሡም ዓይናቸው ጥርት ብሎ እስኪታይ ቀለበቱን አዙሩ፤ ዓይን ከደበዘዘ፣ ሌላው ሁሉ ቢጠራም ፎቶግራፉ ባለቤቱን አይመስልም።

ጥያቄ፦ የፊትን መልክ የሚያዛባው ምንድን ነው? ምክንያቱን በአንድ አንቀጽ ግለጡ።