ያውቁ ኖሯል? ደረቁ የለንደን ምድር ቤት ውሃ ያስገባል
(ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ያውቁ ኖሯል? ለንደን ውስጥ ቀለም ተቀብቶ፣ ምንጣፍ ተነጥፎበት፣ ሶፋና ቴሌቪዥን ከገባበት ምድር ቤት ግድግዳ ጀርባ ብዙ ጊዜ ውሃ እየወረደ ነው። የተሠራውም እንዲወርድ ተብሎ ነው። ግድግዳው ላይ ጉብጉብ ያለ ጠንካራ ፕላስቲክ ይታሰራል፤ ጉብጉቦቹ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ናቸው። ሰርጎ የመጣው ውሃ በዚያች ክፍተት ቁልቁል ይወርድና በወለሉ ዙሪያ ወደተቀበረ ቦይ ይገባል፤ ከቦዩ ወደ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ በፓምፕ ወደ ውጭ። ከፕላስቲኩ ፊት ጂፕሰም ቦርድ ይቆማል። እንግዳ ቢመጣ የሚያየው ሳሎን ነው።

ለምን አይደፈንም? ከከርሰ ምድር ውሃው ወለል በታች አንድ ሜትር በወረዱ ቁጥር በካሬ ሜትር አንድ ቶን ያህል ግፊት ይጨመራል። ከውስጥ የተለሰነ ውሃ የማያሳልፍ ሲሚንቶ ይህን የሚችለው ከግድግዳው ጋር እስከተጣበቀ ድረስ ብቻ ነው። አንዲት ቦታ ከለቀቀች ውሃው ያገኛታል፤ የቤቱ ባለቤት ግን ልስኑን ሁሉ አስፈልፍሎም ላያገኛት ይችላል። መውረጃ ያለው ውሃ ግን ግፊት አያጠራቅምም።

የብሪታንያ የግንባታ ደረጃ ቁጥር 8102፣ በ2022 የታደሰው፣ ሦስት መንገዶችን ይፈቅዳል፦ ግድግዳውን ውሃ በማያሳልፍ ነገር መሸፈን፣ ኮንክሪቱን ራሱን ውሃ እንዳያሳልፍ አድርጎ መሥራት፣ ወይም ውሃውን ተቀብሎ ማፍሰስ። ማጣመርም ይቻላል። ለቪክቶሪያ ዘመን የጡብ ቤት እኔ የማምነው ሦስተኛውን ነው፤ ግድግዳው እስኪደርቅ መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም።

ያውቁ ኖሯል? የላሊበላ ጠራቢዎችም ይህን ጣጣ ያውቁት ነበር። ቁልቁል ተፈልፍሎ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ቤተ ክርስቲያን በክረምት ኩሬ እንዳይሆን በአለቱ ውስጥ የውሃ መውረጃ ቦዮች ተቆፍረውለታል።

ያውቁ ኖሯል? የለንደን ምድር ባቡር በቀን ወደ 47 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ከዋሻዎቹ እየሳበ እንደሚያስወጣ ይነገራል።

ያውቁ ኖሯል? ዌስትቦርን የተባለው ወንዝ በስሎን ስኩዌር ጣቢያ ተሳፋሪዎች አናት ላይ በብረት ቱቦ ያልፋል። ፍሊት፣ ታይበርን፣ ኤፍራ የሚባሉት ወንዞችም ከአስፋልት ሥር ገቡ እንጂ አልጠፉም።

ያውቁ ኖሯል? በ1960ዎቹ አጋማሽ ከመካከለኛው ለንደን በታች፣ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ውሃ ከባሕር ጠለል በታች እስከ 88 ሜትር ወርዶ ነበር። የጠጡት ፋብሪካዎችና ጠማቂዎች ናቸው። እነሱ ሲዘጉና ከከተማ ሲወጡ ውሃው መመለስ ጀመረ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንዳንድ ቦታ በዓመት እስከ 3 ሜትር ይነሳ ስለነበር የውሃ ድርጅቱ፣ የምድር ባቡሩና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ተባብረው ተጨማሪ ፓምፕ አቆሙለት። ይሁንና የእርስዎን ግድግዳ የሚያረጥበው ይህ ጥልቅ ውሃ አይደለም። ዝናቡ በጠጠሩ ውስጥ ይሰርግና ከሥር ያለው የለንደን ሸክላ አፈር አላሳልፍ ሲለው እዚያው ይቆማል። የተሰነጠቀ የቧንቧ መስመርም አለ።

ያውቁ ኖሯል? በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱ ብራናዎች ወደ 350 የሚጠጉትን የያዘው ብሪቲሽ ላይብረሪ፣ ሴንት ፓንክራስ ላይ ወደ 24 ሜትር ገደማ ቁልቁል የተቆፈረ ምድር ቤት አለው። ስለዚህ የለንደን እርጥበት ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ያውቁ ኖሯል? ጥር 7 ቀን 1928 ሌሊት ቴምዝ ሚልባንክ አካባቢ ግድቡን ሰብሮ ሲገባ 14 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ምድር ቤት የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። የቴት ሙዚየም ምድር ቤትም በውሃ ተሞላ። ያኔ ከመሬት በታች የሚያድረው ሌላ ማደሪያ ያጣ ሰው ነበር፤ በእኛ ዘመን ግን ነገሩ ተገልብጧል። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ከ2008 እስከ 2017 በሰባት የለንደን ወረዳዎች የተፈቀዱ ምድር ቤቶችን ሲቆጥሩ 4,650 አገኙ፤ በውስጣቸው 376 የመዋኛ ገንዳና 456 ሲኒማ ቤት ታቅዷል። ጎረቤት የቁፋሮ ጩኸት ስለሰለቸው የኬንሲንግተንና ቼልሲ ወረዳ በ2015 ከአንድ ደርብ በላይ ወደታች መቆፈርን በአብዛኛው ከለከለ።

ያውቁ ኖሯል? የቦዩና የፓምፑ ሥርዓት ከግድግዳ የሚመጣን ውሃ እንጂ በሽንት ቤት የሚመለስን ፍሳሽ አይከለክልም። መሐንዲሱ ባዛልጌት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው የከተማው ቱቦ የዝናብ ውሃና ፍሳሽን በአንድነት ይሸከማል፤ ሲሞላ ወደ ዝቅተኛው ቤት ይመለሳል። ሐምሌ 12 ቀን 2021 በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የወር ያህል ዝናብ ሲወርድ የ«ኩዊን» ባንዱ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ምድር ቤትም እንዲሁ ቆሽሿል። ለዚህ መፍትሔው ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ነው፤ ምድር ቤት ውስጥ ሻወር ወይም ሽንት ቤት ያለው ሰው ፕላምበሩን ይህን ሳይጠይቅ አያሰናብተው።

አሁን ምድር ቤቱ በፕላስቲኩና በፓምፑ መንገድ ቀድሞ ለተሠራለት ሰው። ሥዕል ለመስቀል ግድግዳውን አይብሱ፤ ምስማሩ ፕላስቲኩን ካገኘው ቀዳዳ ከፈቱ ማለት ነው። ፓምፑ ሁለት ይሁን፣ ባትሪና ማንቂያ ደወል ይኑረው፤ መብራት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዝናብና በነፋስ ቀን ነውና። አዲስ ኮንክሪት የሚለቀው ኖራ ቦዩን ሊደፍን ስለሚችል ማጠቢያ ቀዳዳዎቹ የት እንዳሉ ይወቁ፤ አንዳንድ ሠራተኛ ምንጣፉን አልብሷቸው ይሄዳል። ፓምፑን መሞከር ቀላል ነው፦ ጉድጓዱ ላይ ባልዲ ውሃ መድፋት። በዓመት አንዴ የሚመጣው ባለሙያ የሚሰጥዎትን ወረቀት ደግሞ አይጣሉ፤ ዋስትናው ብዙ ጊዜ በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ቤቱን ሲሸጡም የገዢው ጠበቃ ይጠይቀዋል።