ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሐረና ጫካ

ለአቃቂ በሰቃ ሰው ወደ ሐረና ጫካ የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ከደጃፉ ነው። በክፍለ ከተማችን ጫፍ ካለው የቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ተነስቶ አዳማ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ አሰላን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፎ ዲንሾ ላይ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገባል። ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚገርመው፣ መንገዱ ከፍ ብሎ የሳነቲ አምባ ላይ ሲወጣ ከፊት የሚቆመው 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራም ስሙ ቱሉ ዲምቱ ነው። ከአንዱ ቱሉ ዲምቱ ወደ ሌላው መሄድ ማለት ነው። ጫካው ደግሞ ከሁለተኛው ወዲያ ማዶ፣ ቁልቁል ነው።

ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው ለቀይ ቀበሮና ለደጋ አጋዘን ነው። ሳነቲ ላይ ቀበሮውን ፎቶ አንስቶ ፊቱን ወደ ጎባ ከተማ ይመልሳል። በእኔ አስተያየት ትልቁን ነገር ሳያይ ነው የሚመለሰው። ከአምባው ደቡባዊ ጠርዝ ጀምሮ የሚወርደው ሐረና በሀገራችን ከቀሩት ጥቂት ሰፋፊ እርጥብ ደኖች አንዱ ነው፤ ፓርኩ ከሚያቅፈው ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ሰፊውን ድርሻ የያዘውም እሱ ነው።

እዚህ የዝናብ ደን የበቀለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ ነፋስ በቆላው ላይ አልፎ መጥቶ ከባሌ ተራሮች ደቡባዊ ገጽ ጋር ይጋጫል። ወደ ላይ ሲገፋ ይቀዘቅዛል፣ ጉም ይሆናል፣ ይዘንባል። ዝናብ በማይጥልበት ቀን እንኳ ጉሙ ራሱ ቅጠል ላይ እየተጠራቀመ ይንጠባጠባል። ሰሜኑ ደረቅና ነፋሻ ሲሆን ደቡቡ የሚረጥበው ለዚህ ነው።

የሄድኩት ከአንድ የልጅነት ጓደኛዬ ጋር ነው። አቃቂ ተወልዶ ያደገ፣ ዕድሜውን በውሃ ጉድጓድ ፓምፕ ሥራ ያሳለፈ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻው ከአቃቂ ከርሰ ምድር እንደሚወጣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከላይ የሚያልፈው ወንዝ ምን ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ እንደሚወርድም እንደዚያው። አስጎብኚያችን የሪራ መንደር ልጅ ነበር። መግቢያ የሚከፈለውና አስጎብኚ የሚያዘው ዲንሾ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። አስጎብኚ ባይኖር ጫካው አረንጓዴ ግድግዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ገንዘቡ የሚከፈለውም ለሚያይ ዓይን ነው።

ከጎባ በማለዳ ተነስተን ሳነቲን ስናቋርጥ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነበር። ጅብራዎቹ አልፎ አልፎ ቆመዋል። ከዚያ መሬቱ በድንገት ያልቃል። መኪናው ገደሉን እየተጠማዘዘ መውረድ ሲጀምር መጀመሪያ የሚቀበለው አስታ ነው። ሌላ ቦታ ቁጥቋጦ ሆኖ የምናውቀው አስታ እዚህ ዛፍ ሆኖ፣ ግንዱ ተጣሞ፣ ከቅርንጫፉ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሎ ይታያል። ሪራን ስናልፍ ኮሶ መጣ፤ ግንዱ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ኮሶ። ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ ዝግባና ሌላውም ረጃጅም ዛፍ፣ ዝቅ ሲል ወደ ዶሎ መና አቅጣጫ ቡና። ከውርጭ ተነስቶ ቡና ጥላ ሥር ለመድረስ ግማሽ ቀን ይበቃል። ይህን ሁሉ የዕፅዋት ደረጃ በአንድ መንገድ የሚያሳይ ሌላ ቦታ ከእኛ ሀገር ውጭም ብዙ የለም።

ቀርከሃው ውስጥ አስጎብኚው እጁን አንስቶ አስቆመን። የባሌ ጦጣ ነበረች። ይህች ጦጣ ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም፤ ምግቧም በአብዛኛው የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው። ስለዚህ ቀርከሃው ከተመነጠረ ጦጣዋ ዋና ምግቧን ታጣለች። አንዱን ቅጠል ከአናቱ ይዛ ጎትታ ለጋውን ነጨችና ቀሪውን ጣለችው፣ ሌላ ያዘች። እኛን ከቁም ነገር አልቆጠረችንም። ትንሽ ዝቅ ብሎ ቱራኮ የሚባለው አረንጓዴ ወፍ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገር ክንፉ ውስጥ ደማቅ ቀይ ብልጭ አለ። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት ሲሆን ከዚህ የወፍ ወገን ውጭ አይገኝም።

ኮሶዎቹ ላይ ከፍ ብለው የተሰቀሉት ቀፎዎች ከቀርከሃ የተሠሩ ረጃጅም ናቸው። ባለቤቱ በገመድ ወጥቶ ይሰቅላቸዋል፤ ማሩን ለመቁረጥ ጭስ ይዞ ይወጣል። ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ ማንም አይቆርጥም። ጫካውን ከዘበኛ እኩል ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ይህ ቀፎ ይመስለኛል።

ቡናውም እንደዚሁ ነው። የሐረና ቡና ተክለው ያሳደጉት አይደለም፤ በዛፍ ጥላ ሥር ራሱ የበቀለ ነው። ግንዱ ቀጭንና ረጅም፣ ፍሬው ጥቂት፣ ግን ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚበስል። ስሎው ፉድ የተባለው ዓለም አቀፍ ንቅናቄ ሊጠበቁ ይገባል ብሎ ከለያቸው ምርቶች አንዱ ነው። የጫካ ቡና በዘሩ ውስጥ የያዘው ብዝኃነት በእርሻ ከሚበቅለው እጅግ ይሰፋል፤ ነገ አዲስ በሽታ ወይም ሙቀት ሲመጣ የዓለም ቡና አብቃይ መድኃኒቱን የሚፈልገው ከእንዲህ ያለ ጫካ ነው።

ጓደኛዬ ግን ልቡ ውሃው ላይ ነበር። ከግንድ ላይ እፍኝ ሙሉ ሽበት አንስቶ ሲጨምቀው ውሃው በክንዱ ወርዶ እስከ ክርኑ ደረሰ። “ይህ ሁሉ ወዴት ይሄዳል?” አለ። “ወደ ወልመል ነው ጋሼ፣ ከዚያ ገናሌ ይገባል” አለው አስጎብኚው። የባሌ ተራሮች ዋቢ ሸበሌን፣ ወይብንና ገናሌን ይመግባሉ፤ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ቆላ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ ውሃ ይኖራል ተብሎ ይገመታል። ደኑ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል። ደኑ ከሌለ ያው ዝናብ በአንድ ሳምንት ጎርፍ ሆኖ ያልፋል፣ በጋውን ወንዙ ይደርቃል። ጓደኛዬ ዝም ብሎ ቆየና “እኛ ጋ ጉድጓዱን በየጊዜው እናጠልቃለን፤ ላይ ግን ዛፍ የተከለ የለም” አለ።

ሐረና ግን የማይነካ ጫካ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሳው እሳት ሳምንታት ነደደ፤ ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ዘመተ፣ ከደቡብ አፍሪካ ሳይቀር የእሳት አጥፊ ባለሙያ መጣ። እስከዛሬም በደኑ ውስጥ የሚሰፍረው ሰው፣ የሚሰማራው ከብት፣ ለእርሻ የሚመነጠረው መሬት እየበዛ ነው። እዚያ የሚኖረውን ገበሬ ጠላት ማድረግ መፍትሔ አይመስለኝም። ቀፎ የሰቀለና ቡና የሚለቅም ሰው ዛፉ ቆሞ እንዲያበላው ይፈልጋል፤ ዋጋው ሲወድቅበት ነው መጥረቢያ የሚያነሳው።

መሄድ የምትፈልጉ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ በክረምት የሐረና መንገድ ጭቃ ነው። ጎባ አድራችሁ በማለዳ ውጡ፣ ለሳነቲ ካፖርት፣ ለጫካው የዝናብ ልብስ ያዙ። አስጎብኚያችሁ የአካባቢው ልጅ ይሁን። ቡናና ማር ስትገዙም ከሪራና ከዶሎ መና ገበሬ እጅ፣ ዋጋ ሳትከራከሩ ግዙ።