ከመስክ ወደ ኮሌጅ የሚመለሰው የልማት ሠራተኛ የገበሬውን ጥያቄ ይዞ ይሂድ

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ከጢዮ አንሥቶ በዲገሉና ጢጆ በኩል እስከ ለሙና ቢልቢሎ በሚዘረጋው የአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ የገበሬው የኑሮ መሠረት መሆናቸው የታወቀ ነው። በዚሁ አካባቢ ለዓመታት ከገበሬው ጎን ቆመው ከሠሩ በኋላ ሥራቸውን ለጊዜው አቁመው ሳይንስ ለመማር ወደ ኮሌጅ የሚመለሱ የልማት ሠራተኞች ጥቂት አይደሉም። አንድ የልማት ሠራተኛ ለትምህርት ሲሄድ ቀበሌው ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል። ወይ ማሳውን ጠንቅቆ የሚያውቅለትን ሰው ያጣል፤ ወይም ከቀድሞው የበለጠ ዕውቀት የጨበጠ ሰው መልሶ ያገኛል። ይህንን የሚወስኑት ተማሪውና ኮሌጁ ብቻ ሳይሆኑ የቀበሌው፣ የገበሬ ማኅበሩና የኅብረት ሥራው መሪዎችም ናቸው።

አንድ ጊዜ የተማሩት ለምን አይበቃም?

የአርሲ ገበሬ ከእርሻ ባለሙያ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በስዊድን መንግሥት ዕርዳታ አሰላን ማዕከል አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ እያቀረበ ባለሙያዎችን በየአካባቢው አሰማርቶ ነበር። ሆኖም በዚያን ጊዜ መሬቱ የባለርስት ስለነበረ፣ ምርቱ ማደጉንና ትራክተር መግባቱን የተመለከቱ ባለመሬቶች ብዙ ጭሰኞችን ከይዞታቸው አፈናቅለዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ አደረገ። የካዱም ሥራ ከዚያ በኋላ አርዱ በሚል ስም ወደ መላው አርሲ እንዲስፋፋ ተደርጓል።

በእነዚያ ዘመናት ወደ ገጠር ይሠማሩ ከነበሩት ባለሙያዎች መካከል ከአምቦና ከጅማ የእርሻ ትምህርት ተቋማት የወጡት ይገኙበታል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ አርዳይታን ጨምሮ በየክልሉ የተከፈቱ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ባለዲፕሎማ የልማት ሠራተኞችን አሠልጥነዋል። ዕቅዱም በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት ባለሙያዎች በእያንዳንዱ ቀበሌ እንዲመደቡ ነበር።

ይሁን እንጂ በዲፕሎማ ጊዜ የተማሩት ትምህርት ማሳው ላይ ከሚመጣው ለውጥ እኩል አይራመድም። ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የስንዴ ዋግ ነው። ዋግ ሕይወት ያለው ፈንገስ ሲሆን፣ እንደ ዱቄት የደቀቀው ብናኙ በነፋስ ከማሳ ወደ ማሳ አልፎም ከአገር ወደ አገር ይጓዛል። ተመራማሪዎች የሚቋቋመው ስንዴ ሲያወጡ ዋጉም ጠባዩን ለውጦ ያንኑ ስንዴ የሚያጠቃበት ጊዜ ይመጣል።

በ1987 ዓ.ም. ገደማ የተለቀቀው ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ካዳቀላቸው ዘሮች የተገኘ ነበር። ምርታማ በመሆኑ በአርሲና በባሌ ገበሬዎች ዘንድ ተወዶ ለብዙ ዓመታት ሰፊ መሬት ይዞ ቆየ። ዳሩ ግን በ2002/2003 የምርት ዘመን የተነሣው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ኩብሳን ክፉኛ ጎዳው። ገበሬውም በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደተለቀቀውና ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ ዲገሉ ዞረ። ይህም ሦስት ዓመት ያህል እንደቆየ፣ በ2005/2006 የምርት ዘመን አዲስ የግንድ ዋግ ተነሥቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን መታው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ዝርያ በሁለት ዓይነት ዋግ ተሸነፈ ማለት ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ገበሬው የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል አይደለም። «አምና ያዳነን ዘር ዘንድሮ ለምን ከዳን? መድኃኒቱን ረጭተን ሳለ ሰብሉ ለምን ደረቀ?» ይላል። ለተባይ የተሠራ መድኃኒት ዋግን እንደማያጠፋ፣ ፀረ ዋግ መድኃኒትም ቢሆን በሽታው ገና ምልክት ሲያሳይ ካልተረጨ ብዙ እንደማይረዳ ማስረዳት የሚችለው ምክንያቱን የተማረ ባለሙያ ነው። ከአሰላ በስተሰሜን የሚገኘው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የአገሪቱን የስንዴ ምርምር የሚያስተባብር ቢሆንም፣ የምርምሩ ውጤት እስከ ማሳው የሚደርሰው በመካከል ሆኖ የሚያገናኝ ሰው ሲኖር ነው።

ደን ጠባቂው የዋግ ተመራማሪ ሆነ

ሙያን ለውጦ ወደ ሳይንስ ትምህርት መመለስ ምን ያህል ውጤት እንዳለው ለመረዳት የኖርማን ቦርላውግን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በአሜሪካ አገር ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደው ቦርላውግ መጀመሪያ የተማረው የደን ሙያ ሲሆን፣ በአገሩ የደን አገልግሎት ውስጥም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1937 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ተስፋ የተሰጠው ሥራ በበጀት እጥረት ምክንያት ተላለፈበት። በዚያው ሰሞን ኤልቪን ስታክማን የተባሉ ሊቅ ስለ ስንዴ ዋግ ያደረጉትን ንግግር ሰምቶ ነበርና፣ ደኑን ትቶ የእፅዋት በሽታ ሳይንስ ለመማር ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ። በ1942 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ከ1944 ጀምሮም በሜክሲኮ ዋግን የሚቋቋም ስንዴ በማዳቀል ሥራ ላይ ተሰማራ። ለዚህ ሥራው በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸልሟል። ከላይ የተጠቀሰውን የኩብሳን ዘር ያስገኘው ዓለም አቀፍ ማዕከል የበቀለውም ከዚሁ የሜክሲኮ ሥራ ነው።

የቦርላውግ ታሪክ ከኢትዮጵያ የልማት ሠራተኞች ትምህርትም ጋር ይገናኛል። እርሱ በፕሬዚዳንትነት ይመራው የነበረው የሳሳካዋ አፍሪካ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1993 በኢትዮጵያ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። በገበሬው ማሳ ላይ በተደረገው ሠርቶ ማሳያ ወቅት ዘርና ማዳበሪያ ብቻውን እንደማይበቃ፣ የልማት ሠራተኛውም ዕውቀት መታደስ እንዳለበት ታየ። በመሆኑም በ1997 በያኔው ዓለማያ፣ በዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በሥራ ላይ ለቆዩ ባለዲፕሎማዎች የእርሻ ኤክስቴንሽን የዲግሪ ትምህርት ተከፈተ።

ትምህርቱ ወደ ማሳው ይመለሳል

ይህ ትምህርት ከሌላው የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። ተማሪው በኮሌጅ ውስጥ የክፍል ትምህርት ከተከታተለ በኋላ ወደሚሠራበት ወረዳ ተመልሶ ከገበሬዎች ጋር ተቀምጦ ችግራቸውን ያጠናል። ከገበሬዎቹ ጋር የመረጠውን አንድ ችግር ለመፍታት ዕቅድ አዘጋጅቶ ለመምህራኑ ያቀርባል። ከዚያም ለወራት በገበሬው መሬት ላይ ዕቅዱን በሥራ ይተረጉማል፤ መምህራኑም ወደ ማሳው እየሄዱ ይቆጣጠራሉ። በመጨረሻ የሥራውን ውጤት ጽፎ ሲያቀርብ ይመረቃል። በሌላ አነጋገር የፈተናው አንድ ክፍል የሚሰጠው በገበሬው ማሳ ላይ ነው።

ለመሪዎች ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ኮሌጅ የገባ ወጣት መጽሐፉን ይዞ ጥያቄ ይፈልጋል። ከሥራ የተመለሰው ግን ጥያቄውን ይዞ መልሱን በመጽሐፍ ውስጥ ይፈልጋል። የዋግን ትምህርት ሲማር የሚታየው ዋግ የበላው የጎረቤቱ ማሳ ነው።

ምህንድስናም ከዚህ የተለየ አይደለም። አሰላ ከካዱ ዘመን ጀምሮ ማረሻና ጋሪን የመሳሰሉ መሣሪያዎችን የማሻሻል ሥራ ሲካሄድባት የቆየች ከተማ ስትሆን፣ ዛሬም የእርሻ ምህንድስና ምርምር ማዕከል አላት። በደጋው የስንዴ ማሳ ላይ ለዓመታት ኮምባይነር የነዳ ወይም የጠገነ ሰው እህል ከገለባ ጋር ሲባክን በዓይኑ አይቷል። እንዲህ ያለው ሰው ቴክኒክ ኮሌጅ ገብቶ የመውቂያውን ፍጥነትና የማራገቢያውን ኃይል ስሌት ቢማር፣ በልምድ የሚያስተካክለውን መሣሪያ በምክንያት ማስተካከል ይችላል።

ችግሩ የት ላይ ነው?

የመጀመሪያው ችግር የጊዜ ነው። ሥራቸውን ሳይለቁ መማር የሚፈልጉ ሰዎች ከሚገቡበት መንገድ አንዱ የክረምት ትምህርት ነው። ለአስተማሪ ክረምት የዕረፍት ጊዜ ነው። ለልማት ሠራተኛ ግን ክረምት ስንዴ የሚዘራበትና የሚታረምበት፣ ዋግም ብቅ ማለት የሚጀምርበት ወቅት ነው። በዚያ ሰዓት ተተኪ ሳይኖር ባለሙያው ቢሄድ ጉዳቱ በዚያው ዓመት አውድማ ላይ ይታያል።

ሁለተኛው ችግር አለመመለስ ነው። ዲግሪ ያገኘ ሰው በወረዳ ወይም በዞን ቢሮ መመደብን፣ አንዳንዴም ከግብርና ሙያ ጨርሶ መውጣትን ሲመርጥ ይታያል። ይህን በወቀሳ ብቻ ማስቀረት አይቻልም። መኖሪያ ቤት፣ መንገድና የሚሠራበት መሣሪያ የሌለው ባለሙያ ከተማን ቢመኝ የሚያስገርም አይደለም።

ሦስተኛው ችግር የሴቶች ነው። ልጅ የምታሳድግ የልማት ሠራተኛ ቤቷን ትታ ሩቅ አገር ሄዳ መማር ከወንዱ ይበልጥ ይከብዳታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ በአሰላ የግብርና ትምህርት መስጠቱ ርቀቱን ለብዙዎች ያቃለለ ነው።

ከመሪዎች ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ የልማት ሠራተኛ ለትምህርት ሲሄድ የቀበሌው መሪዎች ገበሬውን ሰብስበው ያልተፈቱ ሁለት ወይም ሦስት ችግሮችን በጽሑፍ ይስጡት። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፣ ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ አያገኝም።

ሁለተኛ፣ ከመሄዱ በፊት የሥራ ርክክብ ይደረግ። በየትኛው ጎጥ የትኛው ዝርያ እንደተዘራ፣ ዋግ መጀመሪያ የታየው የት ማሳ ላይና በየትኛው ወር እንደሆነ በመዝገብ ሰፍሮ ለተተኪው ይሰጥ። ተተኪ እንዲመደብም ከዘር ወቅት በፊት ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይመልከት።

ሦስተኛ፣ ተማሪው ለመስክ ሥራ ሲመለስ መሬት የሚሰጡና አብረውት የሚሠሩ ገበሬዎች ይመረጡ። ምርጫው ሀብት ያላቸውን ብቻ ሳይሆን ጥማድ በሬ የሌላቸውንና ሴት አባወራዎችንም ያካት። ያለዚያ የካዱ ዘመን ስሕተት በሌላ መልክ ይደገማል።

አራተኛ፣ ትምህርቱን ሲጨርስ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቀርቦ በጽሑፍ ለተሰጡት ጥያቄዎች ያገኘውን መልስ ያስረዳ። መልስ ያላገኘለት ጥያቄ ካለም ለቁሉምሳ ማዕከል እንዲደርስ ይደረግ። ተመልሶ የሚሠራው ሰው ቤትና መሥሪያ ቦታ እንዲያገኝም ጉባኤው አስቀድሞ ይምከር።

የዋግ ብናኝ የቀበሌ ድንበር አያግደውም፤ ዲፕሎማም ዲግሪም አይቶ አይመለስም። ዛሬ የሚዘራው ስንዴም አንድ ቀን እንደ ኩብሳና እንደ ዲገሉ ሊሸነፍ ይችላል። ያ ቀን ሲመጣ ምክንያቱን አውቆ ገበሬውን በጊዜ የሚያስጠነቅቅ ሰው በቀበሌው እንዲገኝ፣ መሪዎች ከአሁኑ የልማት ሠራተኛቸውን ጥያቄ አስይዘው ይላኩት፤ ሲመለስም መልሱን ይጠይቁት።